የቋጥኙ ፊልም፣ የታንከሩ እግር እና ምልዓተ ጉባኤ ያሟላው ኮት

የባለ አራት ፎቁ ሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበር፣ የመዝናኛ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ፊልሙ በታየ በአምስተኛው ቀን
ቦታ፦ የምድር ቤቱ አዳራሽ
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ ከቀኑ 9፡10 ተጀመረ

የተገኙ አባላት

1. ሊቀመንበሩ፣ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ አንደኛ ፎቅ
2. መምህሩ፣ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ፣ ሁለተኛ ፎቅ
3. ፋርማሲስቷ፣ የሊቀመንበሩ ሚስት እህት፣ ሦስተኛ ፎቅ
4. ታክሲ ነጂው፣ በቅጽል ስማቸው «አቋራጭ»፣ ሁለተኛ ፎቅ
5. የጥርስ ሐኪሙ ኮት

በጽሕፈት የተገኘች፦ ጸሐፊዋ፣ አራተኛ ፎቅ። ከሰገነቱ ጋር በተያያዘችው ባለ ቆርቆሮ ክፍል፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ፣ ከአልጋ መነሳት ከማይችሉት እናቷ ጋር የምትኖር። በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ 7 መሠረት ድምፅ የላትም፤ አንቀጹ «ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም» ይላል።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ ከሰባቱ አባላት አምስቱ መገኘት ሲኖርባቸው የተገኙት አራት ናቸው። ሊቀመንበሩ በዚህ አዝነው ስብሰባውን ሊበትኑ ሲሉ ፋርማሲስቷ በአምስተኛው ወንበር ላይ ያልተገኙት አባል፣ የጥርስ ሐኪሙ ኮት ተንጠልጥሎ እንደሚገኝ አመለከቱ። ኮቱ ከፊልሙ ዕለት ጀምሮ እዚያው አለ። ፋርማሲስቷ «ሰውዬው ከኮታቸው ርቀው አያውቁም፤ ኮታቸው ካለ እሳቸውም አሉ ማለት ነው» ሲሉ አስረዱ። አቋራጭ ኮቱ ቢያንስ እንደ አንዳንዱ አባል በስብሰባ ላይ አያንኮራፋም አሉ። ይህን ሲሉ ወደ መምህሩ በማየታቸው ጭቅጭቅ ተነስቶ አስራ አምስት ደቂቃ ፈጅቷል። ከረጅም ውይይት በኋላ ኮቱ ድምፀ ተአቅቦ እያደረገ እንዲቀጥል በመወሰኑ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ።

የፊልሙ ታሪክ

ለወደፊት አንባቢ ሲባል ታሪኩ ባጭሩ እንዲመዘገብ ታዘዘ። ጸሐፊዋ እናቷን ለማገላበጥ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ወጥታ ስለነበር ያመለጣትን ከመምህሩ ጠይቃ አሟልታለች።

ከአንዲት ከተማ በላይ ካለ ተራራ ላይ ሕንፃ የሚያህል ቋጥኝ ተፈንቅሎ በቀን አንድ ክንድ ወደ ከተማዋ ይንከባለላል። ሁሉም ሰው ያየዋል። ለመድረስ ሦስት ዓመት ይፈጅበታል። ከንቲባው «ቋጥኙ ወደ ከተማዋ እየመጣ ነው ወይስ ከተማዋ ወደ ቋጥኙ እየተጠጋች ነው?» የሚለውን የሚያጠና ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ኮሚቴው ሦስት ዓመት ያጠናል። በመጨረሻ ከንቲባው ከቋጥኙ ፊት ለፊት መድረክ አሠርተው ቋጥኙ መቆሙን የሚያበስር ንግግር ሲያነቡ፣ ቋጥኙ የዕለቱን አንድ ክንድ ይንከባለላል። በመድረኩ ሥር አንዲት ፍየል ታስራለች። ፍየሏን የሚፈታት ሰው አይታይም።

ሊቀመንበሩ ፊልሙን የመረጡት እሳቸው መሆናቸውን አምነው፣ በሽፋኑ ላይ አንድ ቋጥኝና ሁለት አበባ ስላዩ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ መስሏቸው እንደነበር ገለጹ። ስለ አስተዳደር መሆኑን ያወቁት ሰው ሁሉ እየሳቀ ወደ እሳቸው ሲዞር ነው።

አጀንዳ 1፦ የተመልካቾች አስተያየት

በአዳራሹ በር ላይ በተቀመጠው የጫማ ካርቶን ውስጥ 31 ወረቀቶች ተገኝተዋል። ስምንቱ ወንበሩ እንደሚቆረቁር ይናገራሉ። ስድስቱ ፍየሏ ምን እንደሆነች ይጠይቃሉ። አራቱ ከሳቁ የተነሳ ፊልሙ እንዳልተሰማ ያማርራሉ። አንዱ ባዶ ሆኖ ተፈርሞበታል፤ ሊቀመንበሩ የጻፈውን ሰው ጨዋነት አድንቀዋል። አንዱ ደግሞ «ከንቲባውን ወደድኳቸው፤ ቁርጥ የኛን ሊቀመንበር!» ይላል። ሊቀመንበሩ ይህ ምስጋና ይሁን ሌላ ነገር እንዲብራራላቸው ጠየቁ። አቋራጭ ምስጋና ነው አሉ፤ ሲናገሩ ግን ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር፣ ትከሻቸውም ይንቀጠቀጥ ነበር።

28ኛው ወረቀት ስም የለውም። ጥግ ላይ የጥቁር ቅባት የጣት አሻራ አለበት። እንዲህ ይላል፦ «ሊወድቅ ነው። አንዱ እግሩ በዝገት ተበልቶ አልቋል። ቢበዛ አምስት ቀን ቢቆይ ነው። ዛሬውኑ ይፍሰስ።»

ጸሐፊዋ እዚህ ላይ መጻፏን አቁማ ጣሪያውን አየች። ሊቀመንበሩ «ምነው?» አሏት። በአንቀጽ 7 መሠረት መልስ አልሰጠችም።

መምህሩ ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ ካነበቡት በኋላ በሃያ ዓመት የማስተማር ሥራቸው እንዲህ ያለ ጥልቅ ሒስ አንብበው እንደማያውቁ ገለጹ። እንደ ማብራሪያቸው «እግር» የሥርዓቱ መሠረት ነው፣ «ዝገት» ጉቦ ነው፣ «አምስት ቀን» ደግሞ የሰው ልጅ አጭር ዕድሜ ነው። ፋርማሲስቷ «ይፍሰስ» የሚለውስ ብለው ጠየቁ። መምህሩ እንባ ነው አሉ። አቋራጭ አስተያየቱ መጨረሻውን ስለሚያጋልጥ ፊልሙን ላላዩ ሰዎች መነገር የለበትም የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

ውሳኔ 1፦ የ28ኛው ወረቀት ጸሐፊ ተፈልጎ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው፣ በአራት ድጋፍና በአንድ ኮት ድምፀ ተአቅቦ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ያለ ቦታቸው የተሳቁ ሳቆች

መምህሩ በዕለቱ በሰዓታቸው እየያዙ የተሳቁትን ሳቆች እንደመዘገቡ አስታወቁ። በጠቅላላው 14 ሳቆች ተስቀዋል፤ አስራ አንዱ ከንቲባው በታዩ ቁጥር ነው። አንዱ ረጅም ሳቅ ግን ማንም ባልታየበት ቦታ፣ በባዶ ሜዳ ላይ የተሳቀ ሲሆን ባለቤቱ አልታወቀም። ፋርማሲስቷ ዘግይቶ የገባቸው እሳቸው እንደሆኑ በፈቃዳቸው ተናዘዙ።

ሊቀመንበሩ በሹመት ላይ ባለ ሰው መሳቅ ከየት የመጣ ልማድ እንደሆነ ጠይቀው፣ በእሳቸው ዘመን መዝገብ ቤት ውስጥ ሰላሳ ሁለት ዓመት ሲሠሩ አንድ ሰው እንኳ ስቆ እንደማያውቅ አስረዱ። አቋራጭ እሱን ለማመን አያዳግትም አሉ። ሊቀመንበሩ ፊልሙ በመጪው እሁድ የበላይ አካላት ባሉበት እንደገና እንዲታይ፣ መሳቅ በሚቻልበት ቦታ ደወል እንዲደወል፣ ከንቲባው ሲገቡ ግን መብራት እንዲበራ ሐሳብ አቀረቡ። አቋራጭ «ሳቅ የትራፊክ መብራት ነው እንዴ? ቀይ ሲበራ ጉሮሮዬ ላይ ላቁመው?» ሲሉ ተቃወሙ። ተቃውሟቸው ተመዝግቦላቸው ሐሳቡን ደግፈው ድምፅ ሰጡ፤ ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅ መሆኑን ተናግረዋል።

ውሳኔ 2፦ ደወል እንዲገዛ።

አጀንዳ 3፦ ፊልሙ ሳያልቅ ተነስቶ በሩን በኃይል ዘግቶ ስለወጣ ተመልካች

የተከሰሰው የሕንፃው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። በሁለተኛው ሳቅና በሦስተኛው ሳቅ መካከል ከወንበሩ ዘሎ ተነስቶ፣ የሦስት ሰው እግር ረግጦ ወጥቷል። ሊቀመንበሩ በማግስቱ በሰገነቱ በር ላይ አዲስ ቁልፍ አስገጥመዋል፤ ምክንያታቸውም «ማንም ፊልም እያየ ወደ ጣሪያ እንዳይሮጥ» የሚል ነው። ቁልፉ በዚህ ስብሰባ በሊቀመንበሩ ፊት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ቧንቧ ሠራተኛው ተጠርቶ ገባ። ሊቀመንበሩ «አንተ ልጅ፣ ፊልሙ አላስደሰተህም?» አሉት። መልሱ ቃል በቃል እንዲመዘገብ መምህሩ ስለጠየቁ እንዲህ ተመዝግቧል፦

«ኧረ መጀመሪያማ ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው። እንዴት ያሉ ጅሎች ናቸው፣ ድንጋይ እያዩ ይሰበሰባሉ እያልኩ። ኋላ ትዝ አለኝ። እኔም እኮ ያንን ታንከር ዛሬ አየዋለሁ፣ ነገ አየዋለሁ ስል ሦስት ወር ሆነኝ። አፈርኩ። እዚያው ወንበሬ ላይ አፈርኩ። ወጥቼ ሳየው አንዱን እግሩን በጣቴ ብነካው እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ታንከሩ ወደ እነ እማማ ክፍል ዘሟል። በወረቀት ጽፌ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩላችሁ እኮ! አምስት ቀን አልኩ፤ ዛሬ አምስተኛው ቀን ነው።»

ከዚያም መምህሩ የ28ኛው ወረቀት ጸሐፊ መገኘቱን በደስታ አበሰሩ። ታንከሩ በእሱ አመለካከት ምንን እንደሚወክልም ጠየቁት።

«ምንም አይወክልም ጋሼ። አምስት ሺህ ሊትር ነው።»

መምህሩ በዚህ መልስ ክፉኛ አዘኑ። ጥልቅ የመሰላቸው ሒስ የጥገና ማመልከቻ ሆኖ መገኘቱ ለሥነ ጽሑፍ ውድቀት ነው አሉ። የምስክር ወረቀቱ እንዲሰረዝ ጠይቀው ተሰረዘ።

ቧንቧ ሠራተኛው ቁልፉን ቢሰጡት ውሃውን በሁለት ሰዓት ውስጥ በአሸንዳው አፍስሶ እንደሚጨርስ ለመነ። ሊቀመንበሩ ሦስት ችግሮች አነሱ። አንደኛ፣ እሁድ እንግዳ ሲመጣ መጸዳጃ ቤቱ ያለ ውሃ ሊሆን ነው። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ በአጀንዳ አልተያዘም። ሦስተኛው ለጊዜው ጠፍቶባቸው ነበር፤ ኋላ ሲያስታውሱት ከሁለተኛው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ፋርማሲስቷ ልጁ በመደበኛ ወረቀት ማመልከቻ ጽፎ ቢያስገባ በሚቀጥለው ወር እንደሚታይለት አጽናኑት። «ኪኒንም ቢሆን ያለ ማዘዣ አይሰጥም፤ እኔ በሥራዬ ሰው እያቃሰተ እንኳ ማዘዣ እጠይቃለሁ» አሉ። አቋራጭ ታንከሩ በገመድ ከአንቴናው ጋር ይታሰር የሚል አጭር መፍትሔ አመጡ። ገመዱ ምን ዓይነት ይሁን በሚለው ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ተከራክረዋል።

ጸሐፊዋ በዚህ መካከል ሦስት ጊዜ እጇን አውጥታለች። ሊቀመንበሩ ሦስቱንም ጊዜ አንቀጽ 7ን አንብበውላታል። ሦስተኛውን ያነበቡላት በእርጋታ ነው፤ «አይዞሽ ልጄ፣ እናትሽን እኛም እንወዳቸዋለን» ብለዋታል።

መምህሩ ነገሩ ያለ ጥናት መወሰን እንደሌለበት አሳስበው፣ ታንከሩ ወደ ክፍሏ አዘነበለ ወይስ ክፍሏ ወደ ታንከሩ አዘነበለች የሚለው መጀመሪያ መታወቅ አለበት አሉ። ሁሉም በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቧንቧ ሠራተኛው ሳቀ። ሳቁ በመምህሩ መዝገብ 15ኛ ሳቅ ሆኖ፣ «ፊልም በሌለበት የተሳቀ» ተብሎ ሰፈረ።

ውሳኔ 3፦ ይህን የሚያጠና ሦስት አባላት ያሉት ቡድን ተቋቋመ፦ መምህሩ፣ ፋርማሲስቷና ኮቱ። ቡድኑ ከእሁዱ ትርዒት በኋላ ሥራውን ይጀምራል። ቁልፉ እስከዚያው ባለበት ይቆያል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

መምህሩ ስብሰባው በመልካም መንፈስ እንዲዘጋ ሲሉ የፊልሙን የመጨረሻ ትዕይንት አነሱ። ሊቀመንበሩ ይህን ትዕይንት አላዩትም፤ ሳቁ ሲበዛባቸው ተነስተው ወጥተው ነበር። መምህሩ እንዲህ ሲሉ ተረኩላቸው፦ ከብዙ ዓመት በኋላ ሰዎች መጥተው ከቋጥኙ ሥር ይቆፍራሉ። መድረኩ የለም፣ ወንበሮቹ የሉም፣ ሰዎቹ የሉም። አንድ ነገር ብቻ ሳይጎዳ ይገኛል፤ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ። ቆፋሪዎቹ ክብ ሠርተው ቆመው ጮክ ብለው ያነቡታል።

ሊቀመንበሩ «ስማቸውንም?» አሉ።

መምህሩ «በሙሉ! ከነፊርማቸው። ማን ምን እንዳለ፣ ማን ቁልፍ እንደያዘ፣ አንድም አልቀረ። እጅግ ውብ ትዕይንት ነው» አሉ።

ሊቀመንበሩ የሚጠጣ ውሃ ጠየቁ። ከጠጡ በኋላ ብርጭቆውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም ዓይናቸውን ወደዚህ ደብተር አዙረው እስካሁን ስንት ገጽ እንደተጻፈ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ስድስት ጣቶቿን አሳየች። ቧንቧ ሠራተኛው የተናገረው ቃል በቃል ገብቶ እንደሆነም ጠየቁ። ራሷን ነቀነቀች።

ሊቀመንበሩ የሰላሳ ሁለት ዓመት የመዝገብ ቤት ልምዳቸውን ጠቅሰው፣ ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም፣ ያልተደረገ ነገርም ተጠያቂ የለውም አሉ። ቀጥለው አንድ ከባድ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ማግኘታቸውን አስታወቁ፦ ኮት የማኅበሩ አባል መሆኑ በደንቡ ውስጥ የትም አልተጻፈም። ፋርማሲስቷ ኮቱን ያስቆጠሩት እሳቸው መሆናቸው ስለታወሳቸው ደነገጡ፤ ሊቀመንበሩ ግን አመሰገኗቸው። አቋራጭ «ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን ነው እንግዲህ ያልተቀመጥነው?» ብለው ጠየቁ። እንደዚያ መሆኑ ተረጋገጠላቸው።

ውሳኔ 4፦ ኮት አባል ስላልሆነ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም። ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ውሳኔ 1፣ 2 እና 3 ተሽረዋል፣ ማንም ምንም አልተናገረም፣ ማንም ምንም አልሰማም፣ ስብሰባውም እንዳልተካሄደ ይቆጠራል። ይህ ውሳኔ በአራት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ድምፀ ተአቅቦ ያደረገው ኮቱ ነው።

ያልተካሄደው ስብሰባ ከቀኑ 11፡05 ላይ ተዘጋ።

ከዚህ በታች ያለው ቃለ ጉባኤ አይደለም።

ሊቀመንበሩ ገጾቹን ቀድጄ እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ግን ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ ስብሰባው አልተካሄደም ነው ያሉት?»

«አልተካሄደም።»

«ስብሰባ ከሌለ ጸሐፊም የለችማ?»

ትንሽ አሰቡ። ሕግ አዋቂ ናቸው፤ ሊክዱት አልቻሉም። «የለችም» አሉ።

«እንግዲያው አንቀጽ 7 አይመለከተኝም። እናቴ እዚያ ላይ ተኝታለች! አምስት ቀን ሙሉ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከታችሁ አስቀመጣችኋት! ሁለት ሰዓት ሙሉ እየሰማሁ በገዛ እጄ ጻፍኩት!» ድምፄ እንዲህ ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ለቧንቧ ሠራተኛው ወረወርኩለት። ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ወጣ።

ደግነቱ አቋራጭ ክርክር አልጨመሩም። «ወንበር ስጡኝ» አሉ፤ ከወንበሮቹ ባለ ክንድ ማሳረፊያው የሊቀመንበሩ ብቻ ስለነበር ሊቀመንበሩ ተነሱ። አቋራጭና መምህሩ ወንበሩን ይዘው ተከተሉኝ። እናቴን አስቀምጠን ከክፍሉ ስናወጣት ቧንቧ ሠራተኛው መክፈቻውን ለቆት ውሃው በአሸንዳው እየጮኸ ይወርድ ነበር። ፍንጣሪው ደረጃው ላይ ይረጭ ስለነበር ፋርማሲስቷ ሮጠው የጥርስ ሐኪሙን ኮት አመጡና እናቴን ሸፈኗት። ከአባላቱ ሁሉ መጀመሪያ ሥራ የሠራው ኮቱ ነው። ፋርማሲስቷ የእናቴን እግር በሁለት እጃቸው ደግፈው አራቱን ፎቅ ወረዱ። በየእርከኑ «ይቅር በይኝ እናቴ፣ ይቅር በይኝ» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ማዘዣ አልጠየቁም።

እናቴን አዳራሹ መካከል አስቀመጥናት። በፊልሙ ዕለት መውረድ አምሯት የሚያወርዳት ሰው አጥታ ነበር፤ ታሪኩን አልጋዋ ላይ ሆና የሰማችው ከእኔ ነው። ጠረጴዛውን፣ ካርቶኑን፣ ጫማቸው የበሰበሰውን አባላት ተራ በተራ አየቻቸው።

«ፊልሙ ይሄ ነው?» አለችኝ።

አቋራጭ ቀደሙኝ። «አዎ እማማ፣ መጨረሻው ላይ ደረሱ» አሏት።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ቧንቧ ሠራተኛው ከነእርጥቡ ወርዶ «ባዶ ሆኗል» ካለ ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ከላይ ትልቅ ድምፅ ተሰማ። ቆርቆሮ ሲቀደድ፣ እንጨት ሲሰበር፣ ከዚያ ምንም። ሮጦ ወጥቶ አይቶ ተመለሰ። ታንከሩ ባዶውን በጣሪያው ገብቶ በእናቴ አልጋ ላይ ተኝቷል። አልጋው ለሁለት ተከፍሏል።

መምህሩ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

እናቴ ክንዴን ሳብ አደረገችኝ። «ፍየሏስ? ወጣች?»

«ወጣች እማዬ» አልኳት።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ታንከሩ በኮሚቴው የቅርብ ክትትልና ብስለት የተሞላበት አመራር ጉዳት ሳያደርስ መውረዱ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍርላቸው ጠየቁኝ። እኔም ስብሰባ ስላልነበረ ጸሐፊ እንደሌለች አስታውሼ እስክሪብቶዬን ከደንኩት።